ቆቅ የጠራችው ንስር

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ።

በአንዲት ደሴት ላይ አንዲት ጠንቃቃ ቆቅ ነበረች። አንድ ያረጀ እባብ «ደሴቲቱ የእኔ ናት» እያለ በየዓመቱ እንቁላሏን ሁሉ ይበላባት ነበር። ምሬቷ ሲበዛ ከባሕሩ ማዶ ወደሚኖረው ጉልበተኛ ንስር ጮኸች።

«ጋሼ ንስር፣ ኧረ ድረስልኝ! ልጅ ሳላቅፍ ማርጀቴ ነው።»

ንስሩ በርሮ መጣና እባቡን በጥፍሩ አንጠልጥሎ ባሕር ውስጥ ጣለው። ቆቋ እልል አለች፤ ያን ዓመት እንቁላሎቿ በሙሉ ተፈለፈሉላት። ንስሩ ግን በትልቁ ዛፍ ላይ ጎጆውን ይሠራ ጀመር።

«ጋሼ፣ ውለታህን አልረሳም። ግን አገርህ አይናፍቅህም?» አለችው ፈራ ተባ እያለች።

«እናንተን ለማን ጥዬ? ሌላ እባብ ቢመጣስ? ራሳችሁን መጠበቅ እስክታውቁ እቆያለሁ።»

«መቼ ነው የምናውቀው?»

«እሱን እኔ እነግራችኋለሁ» አለና ጫጩቶቿን እያየ ምንቃሩን በቅርንጫፉ ላይ ይስል ገባ።

«ወይኔ፣ በገዛ አፌ!» አለች ቆቋ፣ ልጆቿን በክንፏ ሥር እየሰበሰበች። እባብ ሲመጣ ወደ ላይ መብረር እንደሚያድን እናቷ አስተምራታለች። ንስር ሲመጣ ወዴት እንደሚበረር ግን ማንም አልነገራትም።

ተረቴ ይኸው፤ ዳቦዬን ለጫጩቶቹ ስጡልኝ።