አትጠገብና ያልተነበበው ምዕራፍ

ተረት ተረት ስላችሁ ዛሬ የለመዳችሁትን አትመልሱልኝ፤ «የቅዳሜ ትምህርት» በሉ። አላችሁ? ደግ። እንግዲያው ስሙኝ።

ወይራምባ በምትባል ደጋማ ከተማ አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። ከሰኞ እስከ ዓርብ በፓስታ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናት፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የማስተርስ ተማሪ። የመመረቂያ ጥናቷ ሠራተኛ በሥራው የሚደሰተው ምን ሲሆን ነው የሚል ነበር። የፋብሪካውን ሠራተኛ ሁሉ፣ ዱቄት ከሚያራግፈው እስከ ዘበኛው፣ ደስ ብሎሃል ወይ እያለች ጠይቃለች። እሷን ግን ደስ ብሎሻል ወይ ያላት አልነበረም።

ሁለት ዓመት ሙሉ እረፍት የሚባል ነገር አታውቅም። በእህቷ ሰርግ ሚዜ ሆና ቆማ እንኳ ከአበባው ሥር መጽሐፍ ደብቃ ይዛ ነበር። አሁን ግን አልቋል። ሁሉም ምዕራፍ ተነብቦ ታርሟል፤ የቀረው ሁለተኛው ምዕራፍ ብቻ ነው። የምትፈልገው አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ አማካሪዋ ያንን ምዕራፍ አንብበው «ቅረቢ» እንዲሏት። በዚያ ዓርብ ቢሮ ሳይዘጋ ካላሏት ግን ጥናቷን በፈታኞች ፊት የምታቀርበው በሚመጣው ዓመት ነው። ሌላ ዓመት ደግሞ ከየት ታመጣለች?

ስለዚህ ዓርብ ጠዋት አለቃዋን ወይዘሮ ፈትለወርቅን ፈቃድ ጠየቀች። ወይዘሮ ፈትለወርቅም ሂጂ፣ ስልክሽን ግን እንዳትዘጊ አሏት። አትጠገብ ምዕራፏን በቦርሳዋ ይዛ ገሰገሰች።

ቢሮ ስትደርስ አማካሪዋን ዶክተር ልሳነወርቅን ሁለት የመነጽር ስባሪ በሁለት እጃቸው ይዘው አገኘቻቸው። ጠዋት መነጽራቸውን ወንበር ላይ አስቀምጠው ኖሯል፤ ከዚያ የት እንዳስቀመጡት ጠፋቸውና ረጋ ብለው ሊያስቡ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እኔ ላንብብልዎት አለቻቸው። ጽሑፍ በዓይን እንጂ በጆሮ አይታረምም ብለው እምቢ አሉ፤ መነጽሩን ግን ነስሩ ዘንድ ብታደርሺልኝ ብለው ስባሪውን አስያዟት።

መነጽሩ አልተጠገነ፣ ምዕራፉ አልተነበበ፣ አትጠገብ አልተመረቀች።

ጋሽ ነስሩ በከተማው አንድ ለእናቱ የሆኑ መነጽር ጠጋኝ ናቸው፤ ሱቃቸው ገበያው ዳር ነው። መንገድ ላይ ስልኳ ጮኸ። ከፋብሪካው ነው፤ የፓስታው ማሸጊያ ካርቶን የት ነው ይላል። ከመኮሮኒው ጀርባ ነው ብላ መንገዷን ቀጠለች።

«ጋሽ ነስሩ፣ መነጽሩን ይጠግኑልኝ። መነጽሩ ካልተጠገነ ምዕራፉ አይነበብ፣ ምዕራፉ ካልተነበበ እኔ አልመረቅ» አለቻቸው።

ጋሽ ነስሩ አልጠግንም አሉ። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ማሽናቸው ያለ መብራት አይሠራም፣ መብራቱ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ማሽኑን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው አሳዩዋት። ትንፍሽ አላለም። ከመስጊዱ ማዶ ምሰሶው ሥር ይትባረክ የሚባል መብራት ጠጋኝ ቆሟል፣ እሱን ለምኚ ብለው ላኳት።

መብራቱ አልበራ፣ መነጽሩ አልተጠገነ፣ ምዕራፉ አልተነበበ፣ አትጠገብ አልተመረቀች።

ይትባረክ ምሰሶው ሥር መሰላሉን ታቅፎ ወደ ላይ ያያል።

«ወንድሜ፣ እባክህ ምሰሶው ላይ ውጣ። መብራቱ ካልበራ መነጽሩ አይጠገን፣ መነጽሩ ካልተጠገነ ምዕራፉ አይነበብ፣ ምዕራፉ ካልተነበበ እኔ አልመረቅ።»

ይትባረክ አልወጣም አለ። ምነው ብትለው በጣቱ ወደ ላይ አመለከታት። ምሰሶው አናት ላይ የንብ መንጋ ሰፍሮ እንደ መነኩሴ ጢም ተንዠርግጓል። አንድ ጊዜ ሞክሮ ኖሮ ግራ ጆሮው ድንች አክሏል። መብራት የሚይዘው የነካውን ነው አላት፤ ንብ ግን ያልነካትንም ተከትላ ትይዛለች። ይኼን መንጋ የሚያወርድ ከወንዙ ማዶ ያሉት ንብ አርቢው አባባ ደርሰህ ብቻ ናቸው።

ንቡ አልወረደ፣ መብራቱ አልበራ፣ መነጽሩ አልተጠገነ፣ ምዕራፉ አልተነበበ፣ አትጠገብ አልተመረቀች።

ድልድዩን ስትሻገር ስልኩ ጮኸ። ከመኮሮኒው ጀርባ የለም ይላሉ። የመኮሮኒው ጀርባ በየት በኩል እንደሆነ ስታስረዳ አንድ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ገባ። ጫማውን አወጣችው፤ የመኮሮኒውን ጀርባ ግን ማስረዳት አልቻለችም።

አባባ ደርሰህ ግቢያቸው ውስጥ ቆመው ወገባቸውን ያሻሉ።

«አባባ፣ ንቡን ያውርዱልኝ። ንቡ ካልወረደ መብራቱ አይበራ፣ መብራቱ ካልበራ መነጽሩ አይጠገን፣ መነጽሩ ካልተጠገነ ምዕራፉ አይነበብ፣ ምዕራፉ ካልተነበበ እኔ አልመረቅ።»

እሳቸውስ ደስ ባላቸው፤ ነፃ የንብ መንጋ ማን ይጠላል? ነገር ግን መንጋው የሚገባበት ቀፎ ከባድ ሣጥን ነው፣ ወገባቸው ደግሞ አይሸከምም። ባጃጅ እንጥራ አለች አትጠገብ። አባባ ደርሰህ ራሳቸውን ነቀነቁ። አምና ባዶ ነው ያሉት ቀፎ ባዶ ሳይሆን ቀርቶ፣ ባለባጃጁ ባጃጁን ትቶ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የከተማው ባጃጅ ሁሉ አባባ ደርሰህን ሲያይ ፍጥነት ይጨምራል። ያለችው ሸጋዬ ናት። ሸጋዬ አህያቸው ናት። ቀፎው ተጭኖባት በሩ ላይ ቆማለች፤ ቆማም ቀርታለች።

አባባ ደርሰህ ጎተቷት፤ አልሄደችም። አትጠገብ ከኋላ ገፋቻት፤ አልሄደችም። ቸግሯት ፊቷ ሄዳ ቆመችና እንደ ሰው ለመነቻት።

«ሸጋዬ፣ እባክሽ ሂጂ። አንቺ ካልሄድሽ ቀፎው አይደርስ፣ ቀፎው ካልደረሰ ንቡ አይወርድ፣ ንቡ ካልወረደ መብራቱ አይበራ፣ መብራቱ ካልበራ መነጽሩ አይጠገን፣ መነጽሩ ካልተጠገነ ምዕራፉ አይነበብ፣ ምዕራፉ ካልተነበበ እኔ አልመረቅ።»

ሸጋዬ አንድ ጆሮዋን አዞረች። የማስተርስ ነገር እሷን ምን አገባት?

ያን ጊዜ አባባ ደርሰህ እውነቱን ነገሯት። ሸጋዬን ከውርንጭላነቷ ጀምራ በእጇ ያበላቻት የልጃቸው ሚስት የሺሐረግ ናት፤ የሺሐረግ ከፊት ካልሄደች ሸጋዬ እግሯን አታነሣም። የሺሐረግ ደግሞ እቤት ውስጥ ሕፃን አዝላ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

አትጠገብ ገባች። የሺሐረግ ዓይኗ ቀልቷል። ዳግም የሚባለው ሕፃኗ ጥርስ እያበቀለ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ዓይኑን አልከደነም፣ እሷንም አላስከደናትም። እያለቀሰ ንብ ሥር አልወስደውም አለች፤ ከተኛ ጎረቤቴ ትይዝልኛለች፣ ሲያለቅስ ግን እንኳን ጎረቤት አባቱም አይዘውም፣ ወፍጮ ቤት ሄጄ መጣሁ ብሎ ከወጣ ቆየ።

ሕፃኑ አልተኛ፣ እናቱ አልወጣች፣ አህያዋ አልሄደች፣ ቀፎው አልደረሰ፣ ንቡ አልወረደ፣ መብራቱ አልበራ፣ መነጽሩ አልተጠገነ፣ ምዕራፉ አልተነበበ፣ አትጠገብ አልተመረቀች።

ለአህያ የለመነች ለሕፃን ምን ያሳፍራታል? አትጠገብ ጎንበስ ብላ ዳግምን ለመነችው።

«የኔ ጌታ፣ ተኛልኝ። አንተ ካልተኛህ እናትህ አትወጣ፣ እናትህ ካልወጣች አህያዋ አትሄድ፣ አህያዋ ካልሄደች ቀፎው አይደርስ፣ ቀፎው ካልደረሰ ንቡ አይወርድ፣ ንቡ ካልወረደ መብራቱ አይበራ፣ መብራቱ ካልበራ መነጽሩ አይጠገን፣ መነጽሩ ካልተጠገነ ምዕራፉ አይነበብ፣ ምዕራፉ ካልተነበበ እኔ አልመረቅ።»

ዳግም እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጠ። «አልመረቅ» ስትል ከንፈሩን ጣለና ለቀቀው። እናቱ እሹሩሩ አለች፤ ባሰበት። አያቱ ገብተው አንጎራጎሩለት፤ የባሰ ባሰበት። በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። ካርቶኑ አልተገኘም። ዳግም ስልኩን ሊበልጥ ጮኸ፣ ስልኩም አልበለጥም አለ።

አትጠገብ ስልኩን አየችው። ከዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ዘጋችው።

መደብ ላይ ተቀመጠች። ጭቃ የገባው ጫማዋ ይቀዘቅዛታል። ጊዜው እየሄደ ነው፤ ዶክተሩ ቢሮ ዘግተው መውጣታቸው ነው። ቦርሳዋን ከፍታ ምዕራፉን አወጣች። ሌላ ሐሳብ ኖሯት አይደለም። ይኼ ሁሉ ቅዳሜ የሄደበት ነገር ዛሬ የሚቀር ከሆነ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ጆሮ ይግባ ብላ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ከላይ ጀምራ ለዳግም አነበበችለት። እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሊትም ተስማማች፤ እገሌ ግን በከፊል ተቃወመ።

ዳግም ለቅሶውን አቋረጠ። አፍጥጦ አያት። የመጀመሪያው ገጽ ሲያልቅ አዛጋ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ አንድ ሊቅ ከሌላ ሊቅ ጋር ሲለያዩ፣ ዓይኑ ተከደነ። ሦስተኛውን ስትጀምር አያቱ ግድግዳውን ተደግፈው ያንኮራፋሉ፣ የሺሐረግም አገጯ ደረቷ ላይ ወድቋል።

አትጠገብ ትሳቅ ታልቅስ ጠፋት። ያን ያህል የደከመችበት ጽሑፍ የመጀመሪያ አድማጮቹን አንድ ሳያስቀር አስተኛ። እሷም ልትከተላቸው ምንም አልቀራት ነበር፤ ታግላ ተነሣችና የሺሐረግን ቀስ ብላ ነቀነቀቻት።

የሺሐረግ ልጇን አይታ አላመነችም። እጁን አነሣችው፤ ዘጭ አለ። ከዚያ በሹክሹክታ «እትዬ፣ ምን የሚል ነው?» አለቻት።

«ሠራተኛ ደስ ሲለው በደንብ ይሠራል ነው የሚለው።»

«ይኼ ሁሉ?»

«ምስክር ሲበዛ ነው የረዘመው» አለች አትጠገብ። የሺሐረግ ገባት፤ የመሬት ክርክር ላይ ቆማ ታውቃለች።

አያትየውን ቀሰቀሱ፤ ሕፃኑን ለጎረቤት ሰጡ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቁልቁለት ሆነ።

ሕፃኑ ተኛ፣ እናቱ ወጣች፣ እናቱ ብትወጣ አህያዋ ሄደች፣ አህያዋ ብትሄድ ቀፎው ደረሰ፣ ቀፎው ቢደርስ ንቡ ወረደ፣ ንቡ ቢወርድ ይትባረክ ባንድ ጆሮው ወጣ፣ ይትባረክ ቢወጣ መብራቱ በራ፣ መብራቱ ቢበራ ገበያው እልል አለ፣ ጋሽ ነስሩም ማሽናቸውን ቀሰቀሱ፤ መነጽሩም ተጠገነ። አትጠገብ መነጽሩን እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ ሮጠች።

ዶክተር ልሳነወርቅ የቢሯቸውን በር ሊቆልፉ የቁልፉ ቀዳዳ ጠፍቷቸው ይዳብሳሉ። መነጽሩን ስታደርግላቸው መጀመሪያ ያዩት ጫማዋን ነው። ምን ሆነሽ ነው ቢሏት ረጅም ነው አለቻቸው። ተመልሰው ገቡና፣ ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው፣ ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ።

አትጠገብ በሩ ላይ ቆማ ፊታቸውን ታያለች። የመጀመሪያውን ገጽ አለፉ። ሁለተኛው ላይ አዛጉ፤ አትጠገብ ደነገጠች። ሦስተኛው ላይ የዓይናቸው ቆብ ወረድ ሲል ሳል ይዟት የማያውቅ ሴት በኃይል ሳለች። ቀና አሉ። አራተኛውን ሲያጋምሱ ወንበር ጎተተች። አምስተኛው ላይ መስኮት ከፈተች። እንዲህ ስትስል፣ ስትጎትት፣ ስትከፍትና ስትዘጋ ምዕራፉ አለቀ።

ዶክተሩ ወረቀቱን አስቀመጡ።

«ሥራው ንጹሕ ነው» አሏት። «ቅረቢ። አንድ ምክር ብቻ ልስጥሽ፤ ከምሳ በኋላ እንዳታቀርቢ።»

አትጠገብ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ከፈተች። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ወዲያው ደወሉ። ካርቶን ስለጠፋ ፓስታውን ሁሉ በመኮሮኒ ካርቶን አሽገውት ኖሯል፤ ነገሩን ሲናገሩ ድምፃቸው ሊሰበር ደርሶ ነበር። አትጠገብ ሰኞ ጠዋት እናስተካክለዋለን አለቻቸው። ነገ ቅዳሜ ግቢልኝ ቢሏት ግን አልገባም አለች፤ እሁድም። ልተኛ ነው።

ምዕራፉ ተነበበ፣ ጥናቱም ከምሳ በፊት ቀረበ፣ አትጠገብም ተመረቀች።

እኔ ተረቴን እዚህ ላይ አወረድኩ። ነቅታችሁ የሰማችሁ ለጎረቤት አድርሱ፤ የተኛችሁ ግን ተኙ፣ አልቀየምም።