ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንድ

አንድ ሰው ነበረ፤ ቁጥር ዐዋቂ። በአገሩ ረሃብ ገባና የቆላው ሕዝብ እሱ ወዳለበት ከተማ ተሰዶ መጣ። የከተማው ሽማግሌዎች ጠርተው፣ «ስደተኛውን በየቤቱ መድብልን። በአንድ ቤት ስንት እንደሚገባ አንተ ወስን፤ ብቻ ከአንዱ ቤት የሌላው በአንድ ሰው እንኳ እንዳይበልጥ። ከበለጠ እንጣላለን» አሉት።

ቆጠራቸው። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንድ ሆኑ። ዐሥር ዐሥር አድርጎ ቢያሰልፋቸው አንድ ሰው ተረፈ። ዘጠኝ ዘጠኝ ቢያደርግ አሁንም አንድ። በስምንት፣ በሰባት እያለ እስከ ሁለት ወረደ፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይተርፋል። የምትተርፈውም ያቺው ነበረች፤ እግሯ ያበጠ አሮጊት፣ ሰልፉ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ የምትደርስ።

«እኔስ ጌታዬ፣ ወዴት ልግባ?» አለችው።

«ትንሽ ይታገሡኝ እናቴ። ቁጥሩ ሲገጥም የእርስዎም ቦታ ይገኛል።»

ሌሎቹን ዐሥር ዐሥር አድርጎ ለጊዜው አስገባና እሷን በገበያው አጥር ጥግ ትቷት ሄደ። ወደ ቤቱ ሊወስዳት አስቦ ነበር፤ ነገር ግን በእሱም ቤት ዐሥር ሰው ገብቷልና ሕግ አፈረስክ እንዳይሉት ፈራ።

ሦስት ቀን በረድ ወረደ። ሦስት ቀን ሙሉ እሳት ዳር ተቀምጦ ቁጥሩን ፈተነ። በዐሥራ አንድ አልሄደለትም፤ በዐሥራ ሦስትም፤ በዐሥራ ሰባትም። እስከ ኀምሳ ደረሰ። ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው ያን ቁጥር ቢሰጡ ኖሮ አንደኛው ከኀምሳ ባልበለጠ ነበርና፣ ከዚያ ወዲያ መድከም እንደማያስፈልግ ገባው። ቁጥሩ በራሱና በአንድ ካልሆነ በምንም አይከፈልም። ደስ አለው። ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የቁጥሩ ጠባይ መሆኑን ሊነግራት በጭቃው እየሮጠ ሄደ።

አጥሩ ሥር ተኮራምታ፣ ደርቃ አገኛት።

ከቀብር ሲመለሱ ሳይወድ በልቡ ቆጠረ። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ። በሁለት ሞከረው፣ በሦስት፣ በአራት፣ እስከ ዐሥር ድረስ። በሁሉም እኩል ተካፈለ፤ የተረፈ የለም። አንድ ሽማግሌ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «አየህ፣ አሁን ገጠመልህ» አለው።

እንግዲህ ልጄ ፈንታሁን፣ «የመንደሩን መሬት ለሁሉም በእኩል ደለደልሁ፤ አንድ ሰው ብቻ ሳይደርሰው ቀረ። በዚህ እጠየቃለሁ ወይ?» ብለህ ነበር የጠየቅኸኝ። ያ ሰው አልሰረቀም፤ አላዳላም፤ ስሌቱም እንከን አልነበረበትም። አንተም እንደዚያው ነህ። ነገር ግን ቁጥሩ እስኪገጥም ሰውን ደጅ ካቆየኸው፣ ቁጥሩ የሚገጥመው ሰውየው ሲሞት ነው። ያን ጊዜ ድልድልህ ፍጹም ይሆናል።

አዎን፣ ትጠየቃለህ።