ምንም ያልተጻፈባቸው ገጾች

ባዶ የሆነና የሌለ ነገር አንድ ይመስሉት የነበረ አንድ ሰው ነበር። የደመሰሰውን ሁሉ ያስወገደ ይመስለው ነበር። ስሕተቱን ያስተዋለው ዘግይቶ ነው፤ እንዴት እንዳስተዋለው ስሙኝ፣ ወገኖቼ።

ይህ ሰው ኢዮስያስ የሚባል አንድ ልጅ ነበረው። ልጁ በኩላሊት ሕመም ተያዘ። አባት ኮምፒውተሩን ከፍቶ የኤክሴል ገጽ አዘጋጀ፤ ጥርት ያለ መስመር አስምሮ የልጁን የደም ግፊት፣ ክብደቱን፣ ደሙ በማሽን የሚታጠብበትን የእጥበቱን ቀን በየሣጥኑ ይመዘግብ ጀመር። ረድፉ ወደ ታች ረዘመ። ሌላ ምን ያድርግ? ሞትን በእጁ ሊመልሰው ያልቻለ ሰው፣ ቢያንስ በቁጥር ሊከታተለው ይሞክራል።

እናቲቱ ወይንሸት ግን የልጇ ክንድ በመርፌ ብዛት ሲጠቁር ማየት አልቻለችም። «ጥቂት ቀን ጸበል ይጠመቅ» አለች። ሄዱ። እጥበቱ ተቋረጠ። ልጁም በዚያው አረፈ።

የጸበሉንና የሐኪሙን ክርክር ዛሬ አላነሣም። እግዚአብሔር ሁለቱንም ሰጥቶናል፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን ጣሉ ያለን የለም። እኔ የማነሣው ከቀብር መልስ የሆነውን ነው። ለቀስተኛ በሞላበት ድንኳን ውስጥ ሰውየው ብድግ አለ፤ በሚስቱም ላይ ጣቱን ቀስሮ፣ «ልጄን የገደልሽው አንቺ ነሽ!» አለ። ልቅሶው እንኳ ቆመ።

ሽማግሌዎች ገቡበት፤ የነፍስ አባታቸውም ገቡበት። «ተው ልጄ፣ እርሷም እናት ናት» አሉት። «ይቅር ብያለሁ፤ ሁለተኛም አላነሣውም» ሲል መለሰ።

ቃሉንም ጠበቀ። አላነሣውም! ነገር ግን እርሷ በር ከፍታ ስትገባ ቀና አይልም። ማዕድ ስታቀርብ «ይበቃል» ይላል። ራሷን አሟት «ፈለጠኝ» ስትለው፣ «ሐኪም ዘንድ ሂጂ» ይላታል፤ ሐኪም የምትለዋን ቃል ግን ጠበቅ ያደርጋታል። እንዲህ ያለ ይቅርታ አይታችሁ አታውቁም? በየቤታችሁስ የለም?

ዓመቱ ሊሞላ ሲል ወይንሸት ቁርጡን ነገረችው።

«ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ደሴ እኅቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ጠቅልዬ ነው የምሄደው።»

«ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም። አንተ ሰው፣ ምንም አላደረግከኝም። ዓመት ሙሉ፣ ምንም!»

እንግዲህ ቤቱ በቋፍ ላይ ሳለ፣ ሰውየው ለሙት ዓመቱ የሚጠሩትን ሰዎች ሊጽፍ ተቀመጠ። አዲስ ገጽ አልከፈተም፤ ያንኑ የልጁን ገጽ ከፈተ። ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች ደመሰሰና በቦታቸው የእንግዶቹን ስም ጻፈ። አንድ ገጽ እንኳ አልሞሉም። የወንድሙ ልጅ ፌቨን፣ በሒሳብ ሥራ የምትተዳደር ልጅ፣ ፕሪንተር ይዛ መጥታ ነበርና እንዲታተም አዘዘ።

የመጀመሪያው ገጽ ስሞቹን ይዞ ወጣ። ማተሚያው ግን አልቆመም። ሌላ ገጽ ተፋ፤ ደግሞም ሌላ። መስመር ብቻ፣ ሣጥን ብቻ፤ በውስጡ አንዲት ፊደል የለችም።

«ጋሼ፣ አገሩን ሁሉ ነው እንዴ የጠሩት? ወረቀቴን ጨረሱት እኮ!» አለች ፌቨን እየሳቀች።

ወይንሸት ከወለሉ ላይ ወረቀቶቹን ሰበሰበች፤ አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። «ምንድነው ይሄ?»

«ምንም የለበትም» አላት ባሏ።

«ምንም ከሌለበት ለምን ይታተማል?»



ፌቨን ወደ ገጹ መጨረሻ የሚያደርሰውን ቁልፍ ተጫነች። ጠቋሚው የእንግዶቹ ስም ካለቀበት አልቆመም። ቁልቁል ወርዶ፣ ከብዙ ባዶ ረድፍ በታች፣ አንድ ባዶ ሣጥን ላይ ዐረፈ። ሰውየው ሣጥኑን ዐወቀው። የልጁ የመጨረሻ እጥበት የተመዘገበበት ነበር።

«ጽሑፉን አጠፉ እንጂ ረድፎቹን አላነሡም» አለችው። «እርስዎ ባዶ ነው ይላሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን ወሰኔ እዚህ ድረስ ነው ብሎ ይዟል። ረድፎቹን ራሳቸውን ማስወጣት ነው። ከዚያ ሴቭ ያደርጉታል። ካላደረጉ ወሰኑን አይለቅም።»

«እስከዚያ ድረስ ወርጄ?»

«እስከዚያ ድረስ፣ ጋሼ። ላይ ላዩን አይሆንም።»

ረድፎቹን ባዶ እንደሆኑ እስከ መጨረሻው መረጣቸው፤ አስወጣቸው፤ ሴቭ አደረገ። ቁልፉን ዳግመኛ ሲጫን ጠቋሚው ከመጨረሻው እንግዳ ስም አጠገብ ቆመ።

«ለማሽኑስ መድኃኒት ተገኘለት» አለች ወይንሸት፤ ወረቀቶቹንም ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

ምእመናን፣ ከእናንተ መካከል «ይቅር ብያለሁ» ያለ ማነው? ቃሉን ደምስሳችኋል፤ መልካም። መስመሩንስ? ያ የበደላችሁ ሰው በደጅ ሲያልፍ ልባችሁ ሳታዝዙት የሚወርደው ወዴት ነው? ዝምታችሁ ቢታተም ስንት ገጽ ይወጣዋል?

ቂም ሲናገር አንፈራው፤ ቢያንስ ድምፁን እንሰማለን። የሚያስፈራው ፊደሉ ጠፍቶ ወሰኑ የቀረው ቂም ነው። እርሱ ሽማግሌን ያታልላል፤ ካህንን ያታልላል፤ ቂመኛውን ራሱንም «እኔ እኮ ምንም አልያዝኩም» እያሰኘ ያታልላል። አብሮት የሚኖረውን ሰው ግን አያታልልም። ያ ሰው በየማዕዱ፣ በየሰላምታው፣ በየበሩ ጩኸት ያነበዋል።

ስለዚህ ውረዱ። በደሉ እስከ ደረሰበት ድረስ ውረዱ፤ እዚያም የራሳችሁን እጅ ብታገኙ አትደንግጡ። በአደባባይ የከሰሳችሁትን በጓዳ ልትምሩ ትወዳላችሁን? ምስክር ባለበት የተነገረ ክስ፣ ምስክር በሌለበት ይነሣልን? ደግሞም አትዘግዩ! ምሕረት ያለፈውን ዓመት መልሶ ይሰጣል ብሎ የነገራችሁ ካለ ዋሽቷችኋል።

ያ ሰው በሙት ዓመቱ ቀን፣ አምና በድንኳኑ የነበሩት ሰዎች ተሰብስበው ሳሉ ተነሣ። «አምና በእናንተ ፊት፣ ልጄን ገደልሽው ብያት ነበር» አለ። «ወደ ጸበሉ እንሂድ ስትል እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁን በትከሻዬ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን መሸከም ቢያቅተኝ በእሷ ላይ ጫንኩት።»

ወይንሸት አላለቀሰችም። «ይህን ለመስማት ዓመት ጠበቅኩ፤ ጉልበቴ ግን አልቋል» አለችው። ቆይታም፣ «መቃብሩን አረም አይዋጠው፤ ለፋሲካ መጥቼ አየዋለሁ» አለች።

በማግስቱ ዕቃዋን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያው ሸኛት።