ለቅሶ ሳትደርስ የቀረችው ሴትዮ

አንቺ፣ ነይ እስቲ ጠጋ በይ። አንተም ከበሩ ሥር ተነስና ወደዚህ ና። በጓደኝነታችን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አይታችሁት እንዳላየ ያለፋችሁት ሰው የለም? ደውሎላችሁ ስልኩን ዝም ያላችሁት? መጀመሪያ «ቆይ እደውልለታለሁ» ብላችሁ፣ ከዛ ሳምንት አልፎ፣ ከዛ ወር አልፎ፣ አሁን ደግሞ መደወሉ ራሱ የሚያሳፍራችሁ? አለ አይደል? አትሳቁ! አለ።

እሺ፣ ስለ አንዲት ሴትዮ ልንገራችሁ።

ሴትዮዋ በርበሬዋን አዝላ ወፍጮ ቤት እየሄደች ነው። ሞጆ ነው ቤቷ። ወፍጮ ቤቱ ቅርብ ነው፤ በጎረቤቷ በር በኩል ቀጥ ብትል ጥዳ የወጣችው ሻይ ሳይፈላ ደርሳ ትመለሳለች። እሷ ግን በየት ትሄዳለች? ወደ ላይ ወጥታ፣ በትምህርት ቤቱ ዞራ፣ በባቡር ሐዲዱ ታጥፋ፣ በአቧራ ተለውሳ ከሰፈሩ ጀርባ ትመጣለች። በዛ ፀሐይ! በርበሬ ተሸክማ! ለምን? በጎረቤቷ በር ላለማለፍ።

ጎረቤቷ ብርቅነሽ ትባላለች። ሴትዮዋን ደግሞ የውብዳር እንበላት። ሁለቱ እኮ አንድ ነበሩ። ከአጥሩ መሐል አንድ ቆርቆሮ ነቅለው መተላለፊያ ሠርተዋል። እርሾ በዛ ያልፋል፣ ሽንኩርት በዛ ያልፋል፣ ሐሜትም በዛ ያልፋል። ምን ይደረግ፣ ሰው ናቸው። የብርቅነሽ ባል ጋሽ ደምሴ «ይሄን ቆርቆሮ መልሼ የመታሁት ቀን ሁለታችሁም በወሬ ረሃብ ነው የምታልቁት» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ታዲያ ምን መጣ? መስከረም ላይ የውብዳርን ታይፎይድ ጣላት። የሰፈሩ ሰው ብርቱካኑን ይዞ እየመጣ ጠየቃት። ብርቅነሽስ? አልመጣችም። ዛሬ ትመጣለች ስትል የለችም። ነገ ስትል የለችም። በዛ ቀዳዳ እኮ ድምጿም አልተሰማም! የውብዳር አልጋዋ ላይ እንደተኛች አኮረፈች። «ብሞትስ ኖሮ?» አለች። «ጓደኛ ማለት ይሄ ነው?» አለች። ድና ስትነሳ መጀመሪያ ያደረገችው ምን መሰላችሁ? ቆርቆሮውን መልሳ መታችው። በሚስማር።

ኅዳር ላይ በጠዋት የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ጋሽ ደምሴ አረፉ።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ጩኸቱን ሰምታለች። አልሰማሁም አትልም፤ አጥር ለአጥር ናቸው። ልጇ ትርሲት ነጠላዋን ይዛላት መጣች።

«እማዬ፣ ተነሺ እንጂ። ጋሽ ደምሴ እኮ ናቸው።»

«አሟታል በያቸው።»

«ምንሽን?»

«ትርሲት፣ ሂጂ ብያለሁ! እሷ እኔ ስታመም የታለች?»

ልጅቷ ብቻዋን ሄደች። የውብዳር ብርድ ልብሷን ተከናንባ ሬሳው ሲወጣ፣ ሰዉ ሲከተል፣ ኮቴውን ቁጭ ብላ ሰማችው። መሄድ እየፈለገች! ግን አልሄደችም።

እኛ አገር ሠርግ ብትቀሩ ይረሳላችኋል፤ ክርስትና ብትቀሩ ተስቆ ያልፋል። ለቅሶስ? ለቅሶ የቀረ ሰው የት ይገባል?

የዛኑ ቀን ጸጸታት። «በሠልስቱ እሄዳለሁ» አለች። ሠልስቱ ደረሰ፣ ሰው ይበዛል፣ ሁሉም ያየኛል ብላ ፈራች። «እሺ፣ ድንኳኑ ይነሳና ሰው ሲቀል።» ድንኳኑ ተነሳ። ደግሞ «ሰው በሌለበት ለብቻዬ ገብቼ ምን ልላት ነው?» አለች። «ለአርባው።» አርባውም አለፈ። «ለሙት ዓመቱ።» እሱም አለፈ! ብርቅነሽ ጥቁሯን አወለቀች፤ የውብዳር አሁንም በባቡር ሐዲዱ ነው የምትዞረው።

አያችሁ? የመጀመሪያው ቀን የሚያሳፍራት ኩርፊያዋ ብቻ ነበር። ከዛ መዘግየቷ ተጨመረ። ከዛ መደበቋ ተጨመረ። እፍረት እንደ ሊጥ ነው፤ ከድናችሁ ባቆያችሁት ቁጥር ኩፍ ይላል።

አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ብርቅነሽ ከፊት ለፊቷ ብቅ አትል መሰላችሁ! መዞሪያ የለም። በአንድ በኩል ቦይ፣ በአንድ በኩል ሱቅ በሱቅ። የውብዳር ሳታስበው ያገኘችው በር ውስጥ ዘው አለች። ምን ቤት ቢሆን ጥሩ ነው? የወንዶች ፀጉር ቤት!

ወረፋ የሚጠብቁት ጎረምሶች ሁሉ ዞረው አዩዋት። ፀጉር አስተካካዩ ሙሉነህ መቀሱን አየር ላይ እንደያዘ፣

«ማዘር፣ ፂም ነው ፀጉር?»

ሳቁ ቤቱን አናጋው።

«እ… ልጄን… ልጄን ፈልጌ ነው።»

«ያለችዎት ሴት አይደለች እንዴ?»

መሬት ብትከፈትላት ትገባ ነበር። ሙሉነህ ግን ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወንበር ሰጣት። ወንበሩ ደግሞ መስታወቱ ፊት ነው። ፊቷን ማየት አትፈልግም፤ ግን የት ትይ?

«እርስዎ የጋሽ ደምሴ ጎረቤት አይደሉ?» አላት። «አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው። አዳማ ተኝተው በነበረ ጊዜ እዛ ድረስ እየሄድኩ የምላጫቸው እኔ ነበርኩ። ፂሜን ሳልላጭ ሰው አያየኝም የሚሉ ሰው! መታመማቸውንም ማንም እንዳይሰማ ብለው ሚስታቸውን አስምለዋቸው ነበር እኮ።»

«መቼ… መቼ ነው የተኙት?»

«ባረፉበት ዓመት መስከረም ነዋ። እትዬ ብርቅነሽ ከአልጋቸው ሥር አንጥፈው ነበር የሚያድሩት። አንዴማ ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ለባላቸው መስሎኝ ‹አይዞዎት› ብላቸው፣ ምን አሉኝ መሰልዎት? ‹ጎረቤቴ ታማ ሳልጠይቃት ቀረሁ። ተመልሼ በምን ዓይኔ አያታለሁ?› አሉኝ።»

መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ በርበሬ መስላለች።

ታዲያ ከፀጉር ቤቱ ወጥታ ቀጥ ብላ ብርቅነሽ ጋ ሄደች? የት! አሁንማ ባሰባት። እስከዛሬ የምትይዘው አንድ ነገር ነበራት፤ «እሷም አልጠየቀችኝም» የምትለው። እሱም ከእጇ ወጣ። ጥፋቱ ሁሉ የእሷ ሆነ፣ ንጹሕ የእሷ!

ቤቷ ገባችና «በቃ፣ ልሄድ ነው፤ ግን ባዶ እጄንማ አልሄድም» አለች። ትልቁን ድስት ጣደች፣ ምስር ወጥ ልትሠራ። ጥዳው ቁጭ አለች። ምን ብዬ ልጀምር? እንዲህ ብላ ከመለሰችልኝ እንዲህ እላታለሁ፣ እንዲህ ካለችኝ ደግሞ…

«እማዬ! ቤቱ በጭስ ታፈነ እኮ!»

ወጡ አሮ ከሰል ሆኗል። የውብዳር ድስቱን አየችው፣ አየችውና ተቀመጠች።

«ይኸው፣ አትሂጂ ሲለኝ ነው። ደግሞስ ሴትዮዋ ገና አሁን መጽናናቷ ነው። ሄጄ ቁስሏን ልቀስቅስባት?»

ትርሲት ያረረውን ድስት በማንኪያ እየፈቀፈቀች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣

«የፈራሽው ቁስሏን ነው ፊቷን?»

ሌላ ቀን ቢሆን «ባለጌ!» ትላት ነበር። ያን ቀን ግን ነጠላዋን አነሳችና ወጣች። ባዶ እጇን፣ ጭስ ጭስ እየሸተተች።

ብርቅነሽ በረንዳዋ ላይ ጎመን እየቀነጠሰች ነው። ፊቷ ወዝ ይዟል፣ ነጭ ነጠላዋን እንደነገሩ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የውብዳር ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። ብርቅነሽ አንድ ቃል ሳትናገር ጎመኗን ትታ ተነሳች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቤት ገባች።

አለቀ፣ አለች የውብዳር በልቧ። የእጄን ነው ያገኘሁት። ልመለስ ብላ አሰበች። ግን እግሯ እንቢ አላት፤ ወይ አልገባ ወይ አልተመለሰ፣ እዛው በሩ ላይ ተተክላ ቀረች።

ብርቅነሽ ተመልሳ ወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ።

ገባችሁ? ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ፣ ልክ እንደ ቀብሩ ቀን! ሐዘኗን ጨርሳ ያወጣች ሴት፣ ዘግይታ ለመጣች ጎረቤት ብላ ሐዘኗን መልሳ ለበሰች። ፍራሽ መሬት ላይ ዘረጋች፣ ቁጭ አለች፣ ደረቷን ይዛ ጮኸች።

«ደምሴ! የውብዳር መጣችልህ! ጎረቤትህ መጣችልህ፣ ደምሴዋ!»

የውብዳር እየዳኸች ነው ፍራሹ ጋ የደረሰችው። ተቃቅፈው አለቀሱ። ያ ሁሉ ጊዜ የታፈነው ለቅሶ ወጣ።

ሲበርድላቸው የውብዳር መሬት መሬት እያየች፣ «ብርቅዬ፣ አሁን ነው የሰማሁት። አንቺ አስታማሚ ሆነሽ ነው የቀረሽው። እኔ ደግሞ ቆርቆሮ መታሁብሽ። የሰው ሁሉ መጨረሻ ሆኜ ነው የመጣሁት። ባዶ እጄን ነው የመጣሁት። እንዴት አስገባሽኝ?» አለቻት።

እዚህ ጋ ላቁማትና ወደ እናንተ ልዙር።

እናንተስ በየት ነው የምትዞሩት?

የንስሐ አባታችሁን መንገድ ላይ ስታዩ ስልክ የምታወሩ የምትመስሉ የላችሁም? ቤተ ክርስቲያን በውጪ ተሳልማችሁ ቶሎ የምታልፉ? «ቆይ ፍልሰታ ይግባ።» ፍልሰታ ገባ፣ ወጣ። «ቆይ ለዐቢይ ጾም።» «ቆይ ዩኒቨርሲቲ ልግባና ሰው ስሆን።» «ቆይ መጀመሪያ ትንሽ ልስተካከል።» ትንሽ ልስተካከል! ድስት እየጣዳችሁ ነው እኮ! ምን ይዛችሁ ልትሄዱ ነው? እግዚአብሔር የእናንተን ወጥ አጥቶ ነው?

ደግሞ አንዳንዶቻችን አኩርፈን ነው። አዎ፣ እግዚአብሔርን! «ስጠራህ የት ነበርክ?» ብለን ቆርቆሮውን የመታንበት አለን። የት ነበር? አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አልጋችን ላይ ሆነን ስናኮርፍ እሱ ስለ እኛ መስቀል ላይ ነበር። ይሄን ስታውቁ አታፍሩም? እኔ አፍራለሁ። ፊቴን የማስገባበት ነው የሚጠፋኝ።

ግን ስሙኝ፣ እፍረት ክፉ አይደለም። እፍረት ክፉ የሚሆነው በባቡር ሐዲዱ ሲያዞራችሁ ነው። ያው እፍረት ባዶ እጃችሁን በሩ ላይ ካቆማችሁ እኮ ንስሐ ሆነ! እምነት ደግሞ ምን መሰላችሁ? ጀርባውን ሰጥቶኝ ገባ ባላችሁበት ሰዓት፣ በቃ አለቀልኝ ባላችሁበት ሰዓት፣ ከበሩ አለመሄድ ነው። ጥሏችሁ አይደለም የገባው። የእናንተን ሐዘን ለብሶ ሊወጣ ነው። አንድም ኃጢአት የሌለበት ጌታ፣ የእኛን ለበሰ። ማን አስገደደው? ብርቅነሽን ማን አስገደዳት? ያቺ ሴት ስታስገባት ዝም ብሎ በር መክፈት ብቻ አልነበረም፤ ያመመውን ቦታ እንደገና እያመማት ነው ያስገባቻት። ነጻ ነው የተባለው ይቅርታ ለሚሰጠው ሰው ርካሽ አይደለም፣ እናንተዬ።

ስለዚህ እፍረቱ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ። አይለቅም! ቤት ቁጭ ብሎ የለቀቀው ሰው የለም። የሚለቀው እዛ፣ ፍራሹ ላይ ነው። ዛሬ ሂዱ። ያረረ ያረረ እየሸተታችሁ ሂዱ። የምትሉት ቢጠፋባችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ፤ ለቅሶውን የሚጀምርላችሁ እሱ ነው።

የውብዳር «እንዴት አስገባሽኝ?» ስትላት፣ ብርቅነሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዛ የመለሰችላትን እኔ አልጨምርበትም፣ አልቀንስበትም፤ እንዳለ ይኸው፦

«ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር፣ የውቤ። ያንቺን ቦታ ግን ማንም አልሞላልኝም። በይ አሁን ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢና እህል ቅመሺ።»