ጓንጉል እጁን ሳያወርድ

ድሮ ነው፤ የአያቴ ጥርስ ገና ሙሉ ሳለ። ተቀመጡ፣ እኔም ቆሜ የማወራበት ጉልበት የለኝም።

በዚያን ዘመን በእኛ መንደር ጆንያ እየሰፋ የሚያድር ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። አንድ አርመን የሙዚቃ አስተማሪ እዚህ ታሞ ሲሞት፣ ላስታመመው ለጓንጉል አኮርዲዮኑን ተወለት። አንድ ረጅም የባሕር ማዶ ዜማም አስተምሮት ነበር። ዜማው መሀል ላይ ዝም ይላል። ጣቶች ይቆማሉ፣ አኮርዲዮኑ ቀስ ብሎ አየር ይስባል፣ ከዚያ መጨረሻው ይመጣል። ጓንጉል የሚወደው ያን መጨረሻ ነበር። ከሚስቱ ከብርቄ በቀር ግን የሰማው ሰው የለም።

ጎረቤት ልጁን ዳረ። ጓንጉል ተጫወተ። ዝምታው ጋ ሲደርስ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ማዕድ ቀረበ። ይሉኝታ ያዘውና እጁን አወረደ።

ጭቃ ሹሙ ሞቱ፣ ተዝካር ወጣ። ጓንጉል ተጫወተ። ዝምታው ጋ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ "ነፍስ ይማር፣ እግዜር ይስጥልን" ብለው ተነሡ። ጓንጉል እጁን አወረደ።

ዓመታት ሄዱ። ጸጉሩ ሸበተ፣ የአኮርዲዮኑ ማንገቻ ትከሻውን አዘመመው። ዝናው ለካ ከተማ ደርሶ ኖሮ፣ የአገሩ ትልቁ የሙዚቃ ሽልማት ይሰጠው ተባለ። እሱ ሽልማቱን መች አሰበ። እዚያ ያሉት ሙዚቃ አዋቂዎች ናቸው፣ እስከ መጨረሻው ይሰሙኛል ብሎ ሄደ። በትልቁ አዳራሽ ተጫወተ። ዝምታው ጋ ሲደርስ አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። አጨበጨበ፣ አጨበጨበ። ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ አጠለቁለት፣ መጋረጃው ተዘጋ። ጓንጉል እጁን አወረደ።

ሲመለስ መንደሩ ወጥቶ ተቀበለው። ሰው ሜዳሊያውን እየተቀባበለ ሲያይ፣ እሱ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

"ጨረስከው ወይ?" አለችው ብርቄ።

"አልጨረስኩትም። ደከመኝ ብርቄ፣ ይቅርብኝ።"

ብርቄ ገብታ አኮርዲዮኑን አምጥታ ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። ተጫወተ። ዝምታው ጋ ሲደርስ አንዲት ሴት ለእልልታ አፏን ከፈተች።

"ገና ነው" አለች ብርቄ። "እጁን አላወረደም።"

መንደሩ ጠበቀ። አኮርዲዮኑ ቀስ ብሎ ተነፈሰ። ያን ጊዜ መጨረሻው መጣ። አጭር ነበር። አያቴ እዚያ ነበሩ፤ ሊያዜሙልን ይሞክሩና እንባ ይቀድማቸው ነበር። ጓንጉል እጁን አወረደ፤ ማንም አላጨበጨበም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ በእኛ መንደር፣ ተጫዋች እጁን ጉልበቱ ላይ ካላሳረፈ እልል አይባልም፣ ከመቀመጫም አይነሣም። ሰው የሰው ነገር ሲያቋርጥም "ቆይ፣ ጓንጉል እጁን አላወረደም" እንላለን።

እናንተ ደግሞ ልትነሡ ነጠላችሁን ሰበሰባችሁ። አውቃለሁ፣ የሽማግሌ ወሬ ይሰለቻል። እኔም ደክሞኛል። ግን እጄን ገና አላወረድኩም።