ሁለተኛው በር

ተረት ተረት፣ የወፍ ቤት።

በድሮ ዘመን፣ ወንዝ ዳር፣ አንዲት ጠንቃቃ ወፍ ነበረች። የሣር ጎጆዋን ከግራር ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ታንጠለጥላለች። በሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቁልቁል ወደ ውኃው ይከፈታል። እባብ ልግባ ቢል ተንሸራቶ ወንዝ ውስጥ ይወድቃል። ይህን ከእናቷ ተምራለች፤ እናቷም ከእናቷ።

አንድ ክረምት የከርከሮ ጉድጓድ ተደረመሰና ልጆቹ መውጫ አጥተው አለቁ። ንጉሡ አንበሳ አለቀሰ። አልቅሶ ሲያበቃም፣ «ከእንግዲህ ቤት ያለው ሁሉ ሁለት በር ያብጅ፤ አንድ በር ያለው ቤት ይፈርሳል» ብሎ አዋጅ አስነገረ። አንበሳ ክፉ አልነበረም፤ ግን ዛፍ ላይ አድሮ አያውቅም።

አዋጁን የሚያስፈጽመው ኤሊ ከግራሩ ሥር ሲደርስ ወፏ እንቁላሎቿን ታቅፋ ነበር።

«አያ ኤሊ፣ የእኔ ቤት እኮ አይደረመስም» አለችው። «ከላይ ከከፈትኩት እባብ በቅርንጫፉ መጥቶ ይገባብኛል። እባክዎ ለንጉሡ ይንገሩልኝ።»

ኤሊ ከታዘዘው አይጨምርም፣ አይቀንስም። «እመት ወፍ፣ አዋጁ ‹ቤት ያለው ሁሉ› ነው የሚለው። ዛፍ፣ መሬት ብሎ አልለየም» አላት።

ወፏ ጎጆው ከነእንቁላሎቹ ከሚፈርስ ብላ በገዛ ምንቃሯ ጣሪያዋን ቀደደች።

ኤሊ ለቁጥጥር ሲመለስ ወፏ ቅርንጫፉ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ቀና ብሎ ጎጆውን አየና ደስ እያለው፣ «ሁለተኛው በር ታዲያ ይሠራል?» ሲል ጠየቃት።

«ይሠራል፣ አያ ኤሊ» አለችው። «እባቡ በእሱ ገብቶ፣ ጠግቦ፣ በታችኛው ወጣ።»