ሐጂ ኑረዲስና የቀይዋ መኪና ቡሎን

ግንባቸው ካረጀ ከተሞች በአንዷ፣ ስሟ ይቅርብን፣ ከትልቁ መስጊድ ጀርባ ሐጂ ኑረዲስ የሚባሉ ባለ ጋራዥ ሽማግሌ ነበሩ። እጃቸው ወላሂ በረካ ያለው እጅ ነበር! ሰዎች «የሞተ ሞተር ያስነሣሉ» ሲሏቸው፣ «አስተግፊሩላህ! የሚያስነሣው አላህ ነው፤ እኔ ሰበብ ነኝ» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ቃሲም የሚባል ወጣት ነጋዴ የሟች አባቱን መኪና እያስጎተተ መጣ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው የጥንት የውድድር መኪና። ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ጥላባታለች፣ ሽቦዋን አይጥ በልቶታል።

«ሐጂ፣ ሙሽራዬን በዚች ነው የማመጣት። የአባቴ አማና፣ አደራው ናት» አላቸው።

ሐጂ ሞተሯን ፈትተው አጠቡ፣ ካርቡሬተሯን አጸዱ፣ ካምቢዮዋን መልሰው ገጠሙ። ወንበሯንና የመሪዋን ዘንግ በገዛ እጃቸው እየሰፉ የፍየል ቆዳ አለበሱ፤ የዳሽቦርዷን እንጨት ፊት እስኪያሳይ አሹት። ቡሎን ባጠበቁ ቁጥር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ቢስሚላህ!» ማለት ልማዳቸው ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ሉባባ ከጓዳ እየሰሙ፣ «ሐጂዬ መኪና ነው የሚሠሩት ዚክር ነው የያዙት?» እያሉ ከጎረቤት ጋር ይስቁ ነበር።

የሠርጉ ዕለት ቀይዋ መኪና ከጋራዡ ስትወጣ፣ አጂብ ነው! ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። እትዬ ሉባባ በአዲስ ሻሻቸው እየተንጎራደዱ፣ «እዩዋትማ! ሐጂዬ ናቸው የሠሯት! ያን ቁልቁለት እንደ ውሃ ነው የምትወርደው!» ይላሉ። የሙሽራዋ ቤት ያለው ከገደላማው ቁልቁለት በታች ነበርና።

ቃሲም ገብቶ መሪውን ሲጨብጥ የሐጂ ፊት ጠቆረ።

«ሉባባ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የመሪውን ዘንግ ቡሎን ስይዝ የአስር ሶላት አዛን አለ። የማጥበቂያ ቁልፉን አስቀምጬ ሶላት ሄድኩ። ስመለስ ዘንጉን ቆዳ ማልበስ ጀመርኩ። ለዚያች ቡሎን ቢስሚላህ ማለቴ ትዝ አይለኝም። ማጥበቄን እንጃ፤ ሸክ ገባኝ፣ ተጠራጠርኩ።»

እትዬ ሉባባ ክው አሉ። «ውይ ሐጂ! አሁን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ሲመለስ ቢያዩትስ? ስምዎ እኮ ነው!»

«ቁልቁለቱስ?» አሉ ሐጂ። ሄደውም በሩን ከፈቱ። «ልጄ፣ ውረድ። ቡሎን ረስቼ ይሆናል።»

«ሐጂ! ኒካህ ሊታሰር ነው እኮ!»

«ውረድ አልኩህ።»

ከአጃቢው አንዱ፣ «ሙሽሪትን በአህያ እናምጣት እንግዲህ!» ብሎ ሰዉን አሣቀ። «እርጅና መጣ!» አለ ሌላው።

ሐጂ ጥምጣማቸውን ለሚስታቸው ሰጥተው፣ በዚያ ነጭ ጀለቢያቸው ከመሪው ሥር በጀርባቸው ገቡ። ያን የለፉበትን ስፌት በምላጭ ቀደዱት፤ እንጨቱን ነቀሉት። እትዬ ሉባባ ጥምጣሙን ታቅፈው አንገታቸውን ደፉ። ሐጂ ቁልፉን ሰደዱ፤ «ቢስሚላህ!» ብለው ሳቡ።

ቡሎኗ ንቅንቅ አላለችም። ጥብቅ ብላለች።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ቃሲም የተቀደደውን ቆዳ እያየ፣ «ደህና ነበረች እኮ ሐጂ!» አለ።

ሐጂ ጀለቢያቸው በዘይት ተለውሶ ተነሡ። እትዬ ሉባባ ያዩዋቸው ያኔ ነው፤ ዕድሜ ልክ አብረዋቸው ኖረው እንዲህ አምረው አይተዋቸው አያውቁም። ቀና ብለው ጥምጣሙን በእጃቸው ጠመጠሙላቸውና ሳቁን የዋጠ እልልታ ለቀቁት!

ሐጂም ለቃሲም እንዲህ አሉት፦ «ጥብቅ ነበረች፤ እኔ ግን አላውቅም ነበር። በማላውቀው ነገር ላይ የሰው ነፍስ አላሳፍርም። አሁን ሂድ፣ አላህ ይጠብቅህ።»

ወገኖቼ፣ ቡሎኗ ላልታ ብትገኝ ኖሮ ነፍስ አዳኑ ተብሎ ሐጂ በትከሻ በተያዙ! ጠብቃ ተገኘችና ተሣቀባቸው። አላህ ዘንድ ግን የሥራቸው ዋጋ ያው ነው፤ ከመኪናዋ ሥር ሲገቡ የትኛው እንደሚጠብቃቸው አያውቁም ነበርና። ሰው ሲያወድሰን ውስጣችን ሸክ እያለ ዝም የምንል ስንት ነን! እሳቸው ግን የሰውን ጭብጨባ በገዛ ምላጫቸው ቀደዱት። እንዲህ ያለ ሰው ከመካከላችን መውጣቱ ብቻውን ያኮራል፣ ማሻአላህ!